አዙር ፖርታል ከፍቼ ባዶ ሆነብኝ፤ ከየት ልጀምር?

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ሂሳብና ስቶር ነው። ግን «ኮምፒውተር የሚገባት እሷ ናት» ስለተባለ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስም፣ ዋይፋይ ሲጠፋም የምጠራው እኔ ነኝ። የክላውዱን፣ ማለትም በኢንተርኔት የምንከራየውን ኮምፒውተር ነገር ይዞት የነበረው ልጅ ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ገብቷል። አሁን አለቃዬ «በየወሩ በዶላር የሚከፈለው ለምን እንደሆነ አጣርተሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

የማይክሮሶፍት አዙር ነው። በሥራ ኢሜይሌ ገባሁ። ስልኬ ላይ ኦተንቲኬተር አስጫነኝ፣ ቁጥር አስገባሁ፣ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ የምልክት መዓት ነው። «ኦል ሪሶርስስ» የሚለውን ስጫን ግን ምንም የለም። ባዶ። በየወሩ እየተከፈለ እንዴት ባዶ ይሆናል? የሆነ ነገር ነክቼ እንዳላበላሽም ፈራሁ። ከየት ልጀምር?

ሐረጎ_ቁልቁለት · በደሴና በኮምቦልቻ መሃል

እንኳን ደህና መጣሽ። እዚያ ገጽ ላይ የማይደነግጥ የለም። ለጊዜው «ክሪኤት» የሚለውን ብቻ አትንኪ፤ ገንዘብ የሚጀምረው እሱ ነው። ሌላው እዳው ገብስ ነው።

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

አብሽሪ እህቴ። ማየት ምንም አያበላሽም። ፖርታሉ አንድ ነገር ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል። ሪሶርስ ግሩፕ (አብረው የሚሠሩት ነገሮች የሚሰበሰቡበት) ሙሉውን ልታጠፊ ብትሞክሪማ ስሙን በእጅሽ ጻፊ ይልሻል። ስለዚህ እንደ ልብሽ ዙሪ።

ባዶ የሆነበትን ምክንያት እንፈልገው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ሌላ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎች መዝገብ በዪው) ውስጥ ሲገባ ነው። ከላይ በቀኝ ጥግ ኢሜይልሽ አለ። ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። አሁን ያለሽበት ዳይሬክተሪ እሱ ነው። አንድ ኢሜይል ከአንድ በላይ ዳይሬክተሪ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የለቀቀው ልጅ አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ከፍቶ፣ አንቺን በእንግድነት ጋብዞሽ ከሆነ ንብረቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አንቺ ደግሞ የምትገቢው በድርጅቱ በኩል ነው።

ከላይ የማርሽ ጥርስ የምትመስለዋን ምልክት ተጫኚ። «ዳይሬክተሪስ ፕላስ ሰብስክሪፕሽንስ» የሚል ገጽ ይመጣል። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ስም ካለ «ስዊች» በዪው። እዚያው ገጽ ላይ የሰብስክሪፕሽን (ሂሳቡ የሚወጣበት ውል) ማጣሪያም አለ። ያልተመረጠ ሰብስክሪፕሽን ካለ በውስጡ ያለው ሁሉ ከዓይንሽ ይደበቃል። ሁሉንም ምረጪ።

ይህን አድርገሽም ባዶ ከሆነ ፈቃድ አልተሰጠሽም ማለት ነው። ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን።

ሰኞ_ገበያ · ደሴ

እኔን ብትሰሙኝ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ድሮ አንድ ሰርቨር ቢሮው ጥግ ይቀመጥ ነበር። ሲበላሽ ትከፍተዋለህ፣ አቧራውን ትነፋለህ፣ ራሙን ትቀይራለህ። አሁን ጆሃንስበርግ ያለ ማሽን የት እንዳለ ለማወቅ ራሱ ስብሰባ ያስፈልጋል። ጥገና ቤት ስላለኝ አይደለም እንዲህ የምለው። እሺ፣ ትንሽ ስላለኝም ነው።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

ጦሳ_ጉም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ልክ እንዳልከው ሁለት ስም አለ። ሁለተኛው «ዲፎልት ዳይሬክተሪ» ይላል። ወደ እሱ ስቀይር ዝርዝሩ ሞላ። ዲስክ አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ ፐብሊክ አይፒ አለ፣ ቨርችዋል ማሽን አለ። ስማቸው ግን ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ነው፤ የቱ የቱን እንደሚሠራ አላውቅም። ደግሞ አንዳንዱን ቁልፍ ስጫን አይሠራም፣ ደብዝዟል። ይሄስ ችግር ነው?

መምህር_ካምፓስ · ኮምቦልቻ

ደብዝዞ መታየቱ ችግር አይደለም። የተሰጠሽ ሚና «ሪደር» ሳይሆን አይቀርም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሰብስክሪፕሽኑን ክፈቺና በግራ በኩል «አክሰስ ኮንትሮል» የሚለውን ተጫኚ፤ «ቪው ማይ አክሰስ» የሚል ቁልፍ አለ። ሪደር ሁሉንም ያያል፣ ምንም አይቀይርም። አሁን ለተሰጠሽ ሥራ ከዚህ የተሻለ ሚና የለም። ወጪውንም በዚሁ ማየት ትችያለሽ። «ኮንትሪቢውተር» ይሠራል፣ ይቀይራል፣ ያጠፋል፤ ለሌላ ሰው ፈቃድ መስጠት ግን አይችልም። «ኦነር» ሁሉንም ይችላል። የድርጅታችሁ ኦነር ማን እንደሆነ ከዚያው ገጽ አይተሽ ስሙን ያዢልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ተማሪዎቼ ፖርታሉ የሚጠፋባቸው አደረጃጀቱን ሳያውቁ ወደ ምልክቶቹ ስለሚሮጡ ነው። ከላይ ወደ ታች እንሂድ። ትልቁ ዳይሬክተሪው ነው፤ ሰዎቹና ኢሜይሎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ከሥሩ ሰብስክሪፕሽን አለ፤ ሂሳቡ የሚወጣው በሱ ስም ነው። በሰብስክሪፕሽኑ ውስጥ ሪሶርስ ግሩፖች አሉ። በግሩፑ ውስጥ ማሽኑ፣ ዲስኩ፣ ኔትወርኩ አለ። አንድ ሪሶርስ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ አይገባም። አንዴ የተሰጠው የግሩፕ ስምም አይቀየርም፤ ለዚህ ነው «ቴስት አንድ» የሚባል ግሩፕ ውስጥ የድርጅት ዋና ሥራ ተቀምጦ የምታዩት።

ስለዚህ «ኦል ሪሶርስስ»ን ትተሽ «ሪሶርስ ግሩፕስ» ብለሽ ግቢ። አንዱን ግሩፕ ስትከፍቺ አብረው የሚሠሩትን አንድ ላይ ታያለሽ። ስማቸው ባይገባሽም ዓይነታቸውን የሚናገር ዓምድ አለ፣ ያሉበትን ቦታ የሚናገርም አለ።

የግራውን ረጅም ዝርዝር ለማንበብ አትድከሚ። ሥራሽ ከላይ መሃል ላይ ባለው መፈለጊያ ይሁን። በኪቦርድ ጂን ከዚያ ስላሽን ብትጫኚ ራሱ ይወስድሻል። የአገልግሎቱን ስም መጀመሪያ ፊደሎች ስትጽፊ ያመጣዋል። በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ፖርታሉ ፈረንሳይኛና ቱርክኛ ጨምሮ ብዙ ቋንቋ አለው፣ አማርኛ የለውም። ደጋግመሽ የምትገቢበትን ኮከቡን ነክተሽ በግራው ዝርዝር ከፍ ማድረግ ትችያለሽ።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

መምህር በጣም አመሰግናለሁ። ልክ ነዎት፣ ሪደር ይላል። ኦነሩ ደግሞ የለቀቀው ልጅ ነው። እሱ ብቻ።

ሐረጎ_ቁልቁለት · በደሴና በኮምቦልቻ መሃል

ያ አላህ። ቤቱ በሰው ስም ነው ማለት ነዋ።

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

መምህር ያልነኩት አንድ ነገር ልጨምር። ማንኛውንም ሪሶርስ ስትከፍቺ የግራው ዝርዝር አቀማመጡ ይመሳሰላል። ከላይ «ኦቨርቪው» አለ። ቀጥሎ «አክቲቪቲ ሎግ»። ማን መቼ ምን እንዳደረገ ይመዘግባል፣ የሚያቆየው ግን 90 ቀን ነው። ልጁ የለቀቀው ከዚያ በፊት ከሆነ የእሱን እጅ እዚያ አታገኚውም። ከዚያ «ታግስ»። ታግ የሚለጥፍ ሰው ከሆነ «ክፍል፦ ስቶር» ምናምን ብሎ ጽፎ ይሆናል። እዩት። ብዙ ሰው አይለጥፍም።

ወደ ኋላ ለመመለስ የብራውዘሩን ቀስት አትጠቀሚ። ከገጹ ራስ ላይ የመጣሽበትን መንገድ የሚያሳይ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ተጫኚ።

ዩቲዩብ ላይ ብትፈልጊ ቀኑን እይ። የድሮው ፖርታል የተዘጋው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሁንም እሱን የሚያስተምር ቪዲዮ ይመጣል። «አዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ» የሚለው ስምም ከ2023 ጀምሮ «ኤንትራ አይዲ» ሆኗል። ቪዲዮው ላይ ያየሽውን ስም ፖርታሉ ላይ ብታጪው አትገረሚ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መፈለጊያው ላይ «ኮስት ማኔጅመንት» ብለሽ ግቢ፣ ከዚያ «ኮስት አናሊሲስ»። ከላይ የምታይው ስኮፕ የሚባለው የእናንተ ሰብስክሪፕሽን መሆኑን አረጋግጪ። ቀኑን ወደ ባለፈው ወር ቀይሪ። «ግሩፕ ባይ» የሚለውን «ሪሶርስ» አድርጊ። ያኔ ዶላሩ በየስሙ ተሰድሮ ይመጣል። አለቃሽ የጠየቁት እሱን ነው። የዛሬውን ወጪ ግን ዛሬ አትፈልጊው፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይዘገያል።

ተማሪ_ቧንቧ_ውሃ · ደሴ

ይቅርታ መሃል ገባሁ። እኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ነኝ። ይሄንን ፖርታል በራሴ መለማመድ እፈልጋለሁ። ስመዘገብ ካርድ ጠየቀኝ። ቴሌብር አይቀበልም። ከባንክ ያወጣሁት በዶላር የሚሞላ ካርድ ነበረኝ፣ እሱንም እምቢ አለ። ምን ይሻላል?

መምህር_ካምፓስ · ኮምቦልቻ

በነፃው አካውንት ስትመዘገብ 200 ዶላር ለ30 ቀን ይሰጡሃል፤ ለማንነት ማረጋገጫ ግን ካርድ ይጠይቃሉ። አስቀድሞ የሚሞላ ካርድና የቨርችዋል ካርድ አይቀበሉም። እኛ አገር አብዛኛው ሰው በእጁ ያለው ደግሞ እሱ ነው። ባንክህን አትውቀስ።

ለአንተ የሚሆነው የተማሪዎቹ ነው። «አዙር ፎር ስቱደንትስ» ይባላል። ካርድ አይጠይቅም። 100 ዶላር ለ12 ወር ይሰጣል፤ ተማሪ እስከሆንክ በዓመቱ ይታደሳል። የሚጠይቅህ የትምህርት ተቋም ኢሜይል ነው። የግቢህን አይሲቲ ቢሮ ሄደህ ኢሜይሉን አስከፍት። ጂሜይል ይዘህ ብትሞክር አይሆንም። 100 ዶላሩ ሲያልቅ አካውንቱ ይቆማል እንጂ ዕዳ አያመጣብህም፤ ስለዚህ ሳትፈራ ነካካ።

ተማሪ_ቧንቧ_ውሃ · ደሴ

አይሲቲ ቢሮ ሰኞ እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ መምህር።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

አገኘሁት! ትልቁ ወጪ ማሽኑ ነው። ቀጥሎ ዲስክ፣ ከዚያ ፐብሊክ አይፒ። ማሽኑን ስቶር ክፍል ነው የሚጠቀመው፣ ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮም ይገቡበታል። ግን እኮ ማታ ሁልጊዜ ዊንዶውሱን ሹት ዳውን ብለን ነው የምንወጣው። ሥራ የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሌሊት ለምን ይቆጥራል?

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

ይሄውልሽ፣ ገንዘቡ የሚፈስበት ቀዳዳ ይህ ነው።

ማሽኑን ክፈቺና «ስታተስ» የሚለውን አንብቢ። ከዊንዶውሱ ውስጥ ሹት ዳውን ስትሉት «ስቶፕድ» ብቻ ይላል። ያኔ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ቦታው ግን አሁንም በእናንተ ስም ተይዟል፤ ስለዚህ ይቆጥራል። ከፖርታሉ ላይ «ስቶፕ» የሚለውን ስትጫኚ «ስቶፕድ፣ ዲአሎኬትድ» ይላል። የማሽኑ ሂሳብ የሚቆመው ያኔ ነው። ፔንሲዮን ገብተሽ መብራት አጥፍተሽ ስለተኛሽ የአልጋ ሂሳብ አይቀርም፤ ቁልፉን ስትመልሺ ነው።

ዲስኩ ግን ማሽኑ ዲአሎኬት ቢሆንም ይቆጥራል። ዳታው የተቀመጠበት ነውና። ቋሚ ፐብሊክ አይፒም (ማሽኑ በኢንተርኔት የሚገኝበት ቁጥር) እንዲሁ። እነሱ ትናንሽ ናቸው፣ ግን ሲደማመሩ ያው ናቸው።

ሰኞ_ገበያ · ደሴ

እኔ ሰርቨር ሳጠፋ ይጠፋል። ይሄን ብቻ ነው የምለው።

ሐረጎ_ቁልቁለት · በደሴና በኮምቦልቻ መሃል

ጋሼ፣ የእርስዎ ሰርቨር መብራት ሲሄድም ይጠፋል እኮ። 😄

ሰኞ_ገበያ · ደሴ

እሱስ እውነት ነው። ግን ኢንተርኔት ሲሄድ የእናንተስ?

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

ጋሼ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ኮኔክሽን ከሄደ ኮምቦልቻ ያሉት መግባት አይችሉም፤ ማሽኑ ግን አይጠፋም፣ አዲስ አበባ ያሉት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር ቢሆን ተቃራኒው ነው፤ እዚህ ያሉት ይሠራሉ፣ አዲስ አበባ ያሉት ይቆማሉ። ሁለት ከተማ ላይ ለሚሠራ ድርጅት ምርጫው ቀላል አይደለም። አንድ ቢሮ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እኔም ከእርስዎ ጋር እሆን ነበር። ሰርቨሩ የግድ እዚሁ ይሁን ከተባለ ደግሞ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ከሚቀመጥ ደሴ ይምጣ፤ የጦሳ ብርድ ኤሲ ያስቀርልናል።

ስለ ቦታው ካነሳን፣ ሪሶርሱን ስትከፍቱ «ሎኬሽን» የሚል አለ። በአፍሪካ የማይክሮሶፍት ዳታ ሴንተሮች ደቡብ አፍሪካ ላይ የተከፈቱት በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ «ሳውዝ አፍሪካ ኖርዝ» ሲል ጆሃንስበርግ ማለት ነው። ዱባይም አለ። በ2024 ደግሞ ጂ 42 ከሚባለው የኤምሬትስ ኩባንያ ጋር ሆነው ኬንያ ላይ እንገነባለን ብለው አስታውቀዋል። ማሽኑ «ዌስት ዩኤስ» ላይ ተከፍቶ ከሆነ ለምን እንደሚንቀራፈፍ አወቅሽ ማለት ነው። አንዴ ከተከፈተ ቦታ መቀየር በአንድ ቁልፍ አይሆንም፤ ዋጋውም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

የእኛ ሳውዝ አፍሪካ ኖርዝ ይላል። እሱስ ጥሩ ነው። 

ታዲያ ማታ ማታ ማን ገብቶ ስቶፕ ይበል? እኔ ሪደር ነኝ፣ አልችልም። ደግሞ ፖርታሉ ላይ አንድ ነገር ተጀምሮ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? እሱንም አለቃዬ ጠይቀውኛል።

መምህር_ካምፓስ · ኮምቦልቻ

ሁለተኛው ቀላል ነው። ፖርታሉ ትእዛዝ መቀበያ ብቻ ነው። «ክሪኤት» ተብሎ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መብራት ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ ቢዘጋ፣ እዚያ ያለው ሥራ ይቀጥላል። መብራቱ ሲመጣ ድጋሚ «ክሪኤት» አትበሉ፤ ሁለት ማሽን ሁለት ሂሳብ ይሆናል። ሪሶርስ ግሩፑን ክፈቱና «ዲፕሎይመንትስ» የሚለውን እዩ። የተሳካውም ያልተሳካውም እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል። የደወል ምልክቷን ብቻ አትመኑ፤ የሷ መልእክት አብሮ አይቆይም።

ለመጀመሪያው «ኦቶ ሻትዳውን» የሚባል አለ። ማሽኑ ገጽ ላይ በግራ በኩል «ኦፐሬሽንስ» ከሚለው ሥር ነው። ሰዓት ይሰጡታል፣ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ራሱ ያጠፋዋል፣ በትክክል ዲአሎኬት አድርጎ። ኢሜይል ካስገባችሁ ከ30 ደቂቃ በፊት ያሳውቃል፤ አምሽቶ የሚሠራ ሰው ካለ ማዘግየት ይቻላል። ጠዋት ግን ራሱ አያበራም። አንድ ሰው «ስታርት» ማለት አለበት። ስልክ ላይ የአዙር አፕ አለ፤ ከቤት ሳይወጡ ማስነሳት ይቻላል።

ሰዓቱን በምትሞሉበት ጊዜ ተጠንቀቁ። የሰዓት ቀጠናው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የእኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ይጥፋ ካላችሁ የምትጽፉት 7 ፒኤም ነው። ዩቲሲ እንደሆነ ከተዋችሁት የሚጠፋው በእኛ ማታ 4 ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት በየቀኑ በከንቱ ይቆጥራል።

ሐረጎ_ቁልቁለት · በደሴና በኮምቦልቻ መሃል

በጀት የሚባለውንም ንገሯት። «በጀትስ» ላይ የወር ጣሪያ ታስቀምጣለች፣ ሲያልፍ ያቆመዋል።

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

አያቆመውም ወንድሜ። ኢሜይል ብቻ ነው የሚልከው። 80 ከመቶ ሲደርስ ንገረኝ፣ 100 ሲደርስ ንገረኝ ብለህ ታስገባለህ፣ ይነግርሃል፣ ማሽኑ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ራሱ የሚያቆመው የነፃውና የተማሪው ክሬዲት ነው። በየወሩ የሚከፈልበት ሰብስክሪፕሽን ላይ ያ የለም።

በጀቱን ታስቀምጥ እንጂ፤ ኢሜይሉ የአለቃዋም የሷም ጋ እንዲሄድ አድርጋ።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

እሺ። አሁን ዲስኮቹን እያየሁ ነው። «ዲስክስ» የሚለው ዝርዝር ላይ አንዱ «አታችድ» ይላል፣ ሌላው «አንአታችድ»። ከምንም ጋር አልተያያዘም ማለት ነው አይደል? ፐብሊክ አይፒም አንድ ትርፍ አለ፣ ከማሽን ጋር ያልተያያዘ። ለአለቃዬ «እነዚህ ይጥፉ» ብዬ ልጻፍላቸው?

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

አንአታችድ ማለት አሁን የሚጠቀምበት ማሽን የለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ማሽን ሲጠፋ ነው። ማሽኑን ስታጠፊ «ዲስኩንስ? አይፒውንስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልመረጥሽ እነሱ ይቀራሉ። ከዚያ ማንም ሳያያቸው ሲቆጥሩ ይኖራሉ።

ግን «ይጥፉ» ብለሽ አትጻፊ። «ከምንም ጋር ያልተያያዙ፣ በወር ይህን ያህል የሚያስከፍሉ» ብለሽ ጻፊ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ልጁ ነው። ደውይለት። ዲስክ ከጠፋ በኋላ እመልሳለሁ ማለት አይቻልም።

«ኦል ሪሶርስስ» ላይ ከላይ «ኤክስፖርት ቱ ሲኤስቪ» የሚል አለ። ዝርዝሩን አውርደሽ ኤክሴል ላይ ክፈቺው። ከጎኑ ዋጋውን ከኮስት አናሊሲስ እየገለበጥሽ፣ ማን እንደሚጠቀምበት የሚል ዓምድ ጨምሪ። ለአለቃ ከዚህ የሚበልጥ ሪፖርት የለም። ደግሞ «አድቫይዘር» የሚለውን እይ፤ ማሽኑ ከሥራው በላይ ትልቅ ከሆነ «አሳንሱት» ይላል። በነፃ ነው። የሚለውን ሁሉ አትቀበሊ፣ ግን አንብቢው።

መምህር_ካምፓስ · ኮምቦልቻ

ያዢልኝ ያልኩሽ ነገር ላይ እንመለስ። ኦነሩ የለቀቀው ልጅ ብቻ ነው ብለሻል። ይህ ከዲስኩም ከአይፒውም ይቀድማል። መግቢያው የሚረጋገጠው በእሱ ስልክ ነው። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ፖርታሉ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አያስገባም። ልጁ ስልኩን ቢቀይር ወይም ቢጠፋበት ድርጅቱ በራሱ ንብረት ደጅ ይቀራል።

ስለዚህ ከልጁ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ጥሩ ሆኖ ሳለ ይህን አስጨርሱት። ድርጅቱ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎችን በሰብስክሪፕሽኑ ላይ ኦነር ያድርግ። አንድ ብቻ አይበቃም። ዳይሬክተሪው ላይም «ግሎባል አድሚኒስትሬተር» የሚባለውን ሚና ለድርጅቱ ሰው ያስተላልፍ፤ እሱ ከሰብስክሪፕሽኑ የተለየ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበም «ቢሊንግ» ውስጥ እዩ። አዲሶቹ ገብተው መሥራታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ የልጁ ስም ይነሳ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መመለሻው ረጅም ነው።

ሰኞ_ገበያ · ደሴ

መምህር ይሄ እንኳ ለእኔም ይሠራል። የስንቱ ቢሮ የራውተር ፓስወርድ የት እንዳለ ባወራችሁ።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

ደውዬለት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወዲያው አነሳ። እሑድ አለቃዬና የዋናው ቢሮ ሰው በተገኙበት ኦነር ሊያደርጋቸው ተስማምቷል። ስለ ዲስኩ ስጠይቀው «እንዳትነኩት!» አለኝ። ሲስተሙ ሳይቀየር በፊት የነበረው የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. የስቶር መዝገብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኦዲተሮች ሲመጡ የሚጠይቁት እሱን ነው። አይፒው ግን ከድሮ ማሽን የቀረ ነው፣ ይጥፋ ብሏል።

ታዲያ ዲስኩን ሰው በስህተት እንዳያጠፋው ምን ማድረግ ይቻላል?

ጦሳ_ጉም · ደሴ፣ ሆጤ

«ሎክስ» የሚባል አለ። ኦነር የሆነ ሰው ዲስኩን ከፍቶ «ሎክስ» ውስጥ ይግባና «ዲሊት» የሚለውን ዓይነት ይጨምር። ከዚያ በኋላ ኦነሩ ራሱ ሎኩን ሳያነሳ ማጥፋት አይችልም። ማስታወሻ መጻፊያ ቦታም አለው፤ «የስቶር መዝገብ፣ ለኦዲት» ብላችሁ ጻፉበት።

ሁለተኛው ዓይነት «ሪድ ኦንሊ» ነው። እሱን ሪሶርስ ግሩፑ ላይ እንዳታደርጉት። ጥብቅ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል፤ ግን በግሩፑ ውስጥ ያለውን ማሽን ማስነሳትም ይከለክላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስቶር ክፍል «ማሽኑ እምቢ አለ» ብሎ የሚደውለው ለአንቺ ነው።

ሐረጎ_ቁልቁለት · በደሴና በኮምቦልቻ መሃል

አይፒውንም ከማጥፋታችሁ በፊት ዌብሳይታችሁን ያሠራውን ሰው ጠይቁ። ዶሜኑ ወደዚያ ቁጥር እያመለከተ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። አይፒው አንዴ ከተለቀቀ ያንኑ ቁጥር መልሳችሁ አታገኙትም።

የቦርከና_ልጅ · ኮምቦልቻ

ጠየቅሁ። ዶሜኑ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሑድ ኦነሮቹ ሲገቡ መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ሎክ፣ ቀጥሎ ኦቶ ሻትዳውን በናይሮቢ ሰዓት፣ ከዚያ አይፒው ይጠፋል። ኤክሴሉን ለአለቃዬ ልኬላቸዋለሁ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት ለምን ስንከፍል ኖርን?» ብለው ጽፈውልኛል። የፔንሲዮኑን ነገር ልነግራቸው ነው።